ከሃፊሩ ቅርፊት ስር

ይህን ተረት ነው የሚል ካለ መተማ ወርዶ ዋሴን ይጠይቅ... የሆነ ነገር ነው። የሆነውም በጠራራ ፀሐይ፣ ኅዳር ላይ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ አንድ የሰሊጥ እርሻ ውስጥ ነው።

እዚያ ሠራተኛው ሁሉ የሚጠጣው ከሃፊር ነው። በዶዘር ተቆፍሮ የክረምት ውሃ የሚጠራቀምበት ትልቅ ኩሬ።

የዚያን ዓመት ሃፊሩ ላይ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ረግቶ፣ ፀሐይ አድርቆት፣ እንደ ቂጣ ወፍራም ቅርፊት ሠርቶ ነበር። ዶሮ ቢራመድበት አይሰጥምም። ሽታው... ኤጭ! የሞተ ከብት በስንት ጣዕሙ።

እንግዲህ ይህን ነው ሰው በሻሽ እያጠለለ የሚጠጣው።

ውሃውን ከሃፊሩ የሚስበው ፓምፕ ቆመ። ቱቦውን ከስር አንድ ነገር ደፍኖታል። የውሃ ቦቴ እስኪመጣ ደግሞ ሁለት ቀን ነው።

አንዱዓለም የዋሴ እህት ባል ነው። ጣና ዳር ያደገ ዋናተኛ። ፈረንጆች በረዶ ሆኖ የረጋ የተራራ ሐይቅ በስተው፣ ወገባቸውን በገመድ ታስረው ሲጠልቁ በስልኩ አይቷል።

«እኛስ ከማን እናንሳለን?» ብሎ ሳቀ፤ ጠልቆ ቱቦውን ሊከፍት ተነሳ። ቅርፊቱን በገጀራ በሳው።

ወገቡ ላይ የታሰረውን ገመድ ዋሴ ያዘ። ዋሴ አንዴ ይስባል፤ አንዱዓለም ደኅና ከሆነ አንዴ ይመልስለታል። ካልመለሰ ይጎተታል።

ገባ። ቀዳዳው ከላዩ ቀስ ብሎ ገጠመ...

ዋሴ ሳበ። መለሰለት።

ሁለት ደቂቃ። ሳበ። መለሰለት።

አምስት ደቂቃ...

«ጋሽ ባህሩ፣ ይበቃል... እናውጣው» አለ ለካቦው በሹክሹክታ።

«ይመልስልህ የለም እንዴ? ተወው፣ ሥራውን ይጨርስ።»

«ኧረ ጋሼ! ሰው ይህን ያህል ትንፋሹን ይይዛል?»

ካቦው ሰዓቱን አየ። ፊቱ ተለወጠ።

አሥራ አንድ ደቂቃ... አሁን ዋሴ ሳይስብ ገመዱ መለሰለት።

ተረባርበው ጎተቱ። ዋሴ እህቱን አሰበ። ምን ብሎ ይነግራታል?

አንዱዓለም ወጣ። በሕይወት ነበር! ግን አፉ በዚያ አረንጓዴ ነገር ተጠቅጥቆ ይታነቃል።

ዋሴ ጣቱን ከተተ። ለብ ያለ ልጋግ... አንድ እፍኝ አወጣ። ሌላ እፍኝ። አስመለሰው፣ ግን አልተወም።

ከጉሮሮው ስር ጣቱ አንድ ነገር ያዘ።

ጠጉር ነው። ተስተካክሎ የተጎነጎነ የሴት ሹሩባ... አንድ ክንድ ያህል ወጣ። ለጋ ቅቤ ይሸታል።

ከዚያ አልወጣም አለ።

አንዱዓለም እንባው እየወረደ ራሱን ነቀነቀ። አትሳበው ማለቱ ነበር።

«ቻለው አንዱዬ... ትሞትብኛለህ» አለና ዋሴ ጨክኖ ሳበ።

የአንዱዓለም ከንፈር አልተንቀሳቀሰም። ድምፁ የመጣው ከሆዱ ነው። የሴት ድምፅ...

«ኧረ ቀስ... ያመኛል።»