ቀጥ ያለው መስመር

የዚያን ቀን ጠዋት አባቴ የስጋ መቆንጠጫውን ከእጁ ጣለ። አንስቼ ሳቀብለው በግራ እጁ ሊቀበለኝ ሞከረና ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት።

«ምን ሆንክ አባዬ?»

«ተኝቼበት ነው፤ ደንዝዟል» ብሎ በቀኙ ነጠቀኝ። «ይልቅ ሂጂና ልበሺ። ሰው ቤት ተጠርተሽ ዓይንሽ በርበሬ መስሎ እንዳትሄጂ!»

ሰው ቤት ያለው ሊያገባኝ የሚፈልገውን የፍሪጅ ጠጋኝ እናት ቤት ነው። ለምሳ ጠርተውኛል። ምሳው እንዲሁ ምሳ እንዳልሆነ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

በከሰል ስጋ ጠብሰን ወደምንሸጥበት ባርቤኪው ቤታችን መጀመሪያ የመጣው ፍሪጃችንን ሊጠግን ነበር። እኔ ምድጃው ሥር ተንበርክኬ ከሰል ስነካካ እንባዬ በጭሱ ይወርዳል። ፍሪጁን ጥሎ መጣና አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ማን አስለቀሰሽ?»

«ፍርምባ» አልኩት።

ሳቀ። ሳቁ ካለቀም በኋላ ዓይኑን ከዓይኔ አላነሳም። እኔም፣ ዓይን አውጣ፣ አንገቴን መድፋት ሲገባኝ አፍጥጬ ቀረሁ።

ስጋ በዝግታ እንዲበስል እሳቱ ቀኑን ሙሉ በአንድ ልክ መቆየት አለበት። እናቴ ከሞተች ወዲህ እሳቱን የምንጠብቀው አባቴና እኔ ስለሆንን የትም መሄድ አልችልም ነበር። ይህን ሳልነግረው ገባው። በሌላ ጊዜ ሲመጣ የሙቀት መቆጣጠሪያ ይዞ መጣ፤ መዳፍ የምታክል ሳጥን፣ ወደ ምድጃው የሚገባ ሽቦና አንዲት ትንሽ ማራገቢያ። ሙቀቱ ሲወርድ ማራገቢያዋ ከሰሉ ላይ ትነፋለች፤ ልኩ ላይ ሲደርስ ዝም ትላለች። የሙቀቱ መጠን ደግሞ ከሩቅም ቢሆን ስልኩ ላይ በመስመር ይታያል።

«አሁን እኮ መውጣት ትችያለሽ» አለኝ ቀስ ብሎ።

መውጣት ያለው ወዴት እንደሆነ ገባኝ። በወሩ መጨረሻ ወደ ወደብ ከተማ ሊሄድ ነው፤ እዚያ አንድ የማቀዝቀዣ መጋዘን ቀጥሮታል። ይዞኝ ሊሄድ ፈልጓል። አባቴ ሲጠየቅ፣ «እሳቱን ብቻዬን ከቻልኩት ውሰዳት፤ ካልቻልኩት እንጃ!» አለ። እንግዲህ ትዳሬ በዚያች ሳጥን ላይ ተንጠለጠለ።

አባቴ ግን እጁ አያርፍም። በየመሐሉ ክዳኑን ከፍቶ ስጋውን ካላየ ሰላም የለውም። በከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ይወርዳል፤ ስልኩ ላይ ያለው መስመርም ጎድጎድ ይላል።

«አባባ፣ አይክፈቱት! ሳጥኗ ትጠብቅልዎታለች» ይለዋል ጠጋኙ።

«አንተ ማራገቢያ፣ ያላየሁትን ስጋ ለሰው አላበላም!»

በዚህ ሲጨቃጨቁ እኔ በሆዴ እስቅ ነበር።

የዚያን ቀን ለምሳ የተቀበሉኝ የጠጋኙ እናት ጥሩ ሰው ናቸው። ሳህኔን ደጋግመው ሞሉት፣ «ብይ እንጂ ልጄ» አሉኝ። ጠዋት አልታዘዝ ያሉት የአባቴ ጣቶች ግን ከዓይኔ አልጠፉም።

ጠጋኙ ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እማዬ፣ ተመልከቺ! ከጠዋት ጀምሮ ዝንፍ አላለም!»

መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር። እናቱ አደነቁ። እኔም መጀመሪያ ፈገግ አልኩ። ከዚያ ስልኩን አንስቼ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር አየሁት፤ አንድም ጎድጎድ ያለ ቦታ የለም።

«አባዬ አልከፈተውም» አልኩ።

«በመጨረሻ ሰማኝ!» አለ ጠጋኙ።

«አባዬ ማንንም አይሰማም።»

እሱ ወደ መስመሩ መለስ ብሎ አየ። ፈገግታው ትንሽ ቆየና ከፊቱ ላይ ጠፋ። አባቴ ጋ ደወልኩ፤ ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። ደንበኛ የሚመጣው ወደ ማታ ስለሆነ እስከዚያ ግቢው ውስጥ ሌላ ሰው የለም።

«ከሰል እየጨመረ ይሆናል» አለ። ራሱም አላመነበትም።

ታክሲ ውስጥ ስልኩን እያየ ሄደ። መስመሩ አሁንም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሙቀቱ ልክ ነው፣ እሳቱ ልክ ነው፣ ሁሉም ልክ ነው።

«አጥፋው!» ብዬ ጮህኩበት።

የግቢውን በር ስንከፍት የስጋው ሽታ ተቀበለን። እንደዚያ ቀን ጥሩ ሸትቶ አያውቅም። ማራገቢያዋ ትንሽ ነፋች፤ ዝም አለች፤ እንደገና ነፋች። አባቴ በምድጃውና በከሰል ማዳበሪያዎቹ መሐል በጎኑ ወድቋል። ዓይኖቹ ተከፍተዋል፣ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ሲያየኝ አንድ ነገር ሊል ሞከረ፤ የወጣው ግን ቃል አልነበረም።

ሆስፒታል ስናደርሰው ሐኪሙ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እንደፈሰሰ ነገረን። ይተርፋል፤ ግራ ጎኑና አንደበቱ ግን መመለሳቸው ያጠራጥራል። «ወዲያው ቢመጣ ኖሮ…» ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው።

ጠጋኙ ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። አባቴን ሲያነሳ ሸሚዙ ከሰል በከሰል ሆኗል።

«ገና ጠዋት ነው ያየሁት» አለ። «መስመሩን። ምንም ጎድጎድ ሳይል ሲሄድ… ደስ ብሎኝ ነበር።»

አባቴ ሲሚንቶ ላይ ተዘርሮ እሱ ደስ ብሎት ነበር። ጠላሁት። በከሰል የጠቆረ እጁን አይቼ ደግሞ አንጀቴን በላው። እጁን ልይዘው ፈለግሁ፣ አልያዝኩትም።

«ሥራውን ልተወው?» አለኝ። «እዚሁ ልቅር?»

አባቴ የተኛበትን ክፍል በር አየሁ።

«ንገሪኝ እንጂ። ቅር ካልሽኝ እቀራለሁ።»

እንዳይጠይቀኝ ነበር የፈለግሁት። ዝም ብሎ እንዲቀር፣ ነገ ጠዋት ግቢያችን መጥቶ ከሰሉን እንዲያነሳ፣ እኔ ሂድ ብለውም እምቢ እንዲለኝ። ግን ያን ሥራ ሲያገኝ እንዴት እንደዘለለ አይቻለሁ። ከበሩ ወዲያ ደግሞ አባቴ ተኝቷል፤ እሱን ጥዬ የትም እንደማልሄድ ሁለታችንም እናውቃለን። ለምኜው ቢቀር፣ አንድ ቀን ለምን አስቀረሽኝ በሚል ዓይን ያየኛል ብዬ ፈራሁ።

«ሂድ» አልኩት። «እኔ ደህና ነኝ።»

ድምፄ ቅንጣት ታክል አልተንቀጠቀጠም። ረጅም ጊዜ ፊቴን አየኝ፤ ከዚያ አመነኝ።