የዘንድሮው ዜና አንባቢ

«እና ዘንድሮ የጸደይ ዜናውን የማን ወላጅ ያንብብ?» አለ የሚኒ ሚዲያው አስተማሪ፣ የማይክራፎኑን ገመድ ክንዱ ላይ እየጠቀለለ።

የክበቡን ገመድ ሁሉ ስለምትቀጥል ሽቦ የሚሏት ተማሪ መልሱን ካዘጋጀች ሰንብታለች። ግን አልቸኮለችም። የምታስብ መስላ ጣራ ጣራውን አየች፤ በእስክሪብቶዋ ጥርሷን መታ መታ አደረገች።

«የክፍላችን ልጅ የካሴት አባት ቢያነብስ?» አለች።

«ቁልፍ ቀራጩ? ጥሩ ሰው ነው ሲሉ እሰማለሁ። ይችላል?»

«ማንበብ? አሳምሮ ነዋ።»

ይህ ውሸት አልነበረም። የካሴት አባት ደንበኛ ሲጠፋ ጋዜጣ ከእጁ አይለይም። ጮክ ብሎ ማንበብ ግን ለሱ ሌላ ነገር ነው። ምላሱ ይያዛል። በተለይ ሰው ሲበዛ፣ አንዲት ቃል ለማውጣት ዐይኑን ጨፍኖ፣ አገጩ እየተንቀጠቀጠ ይታገላል። ይህን ከተማው በሙሉ ያውቃል። አስተማሪው ግን ወደዚህ ከተዛወረ ገና ዓመት አልሞላውም።

«በቃ፣ እሱ ይሁን። አንቺው ንገሪው» አለና ገመዱን መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ሽቦ ከክፍሉ ስትወጣ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም ነበር። ዓመት ሙሉ የቋጠረችው ቂም በመጨረሻ መንገድ አገኘ።

በዚያች ትንሽ ከተማ፣ ጸደይ ሲገባ ትምህርት ቤቱ የቤተሰብ ቀን ያዘጋጃል። ወላጆች ከሥራ አስፈቅደው ይመጣሉ፤ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ይደረደራል፤ ልጆች የሠሩትን ያሳያሉ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ወላጅ ሚኒ ሚዲያ ክፍል ገብቶ፣ ተማሪዎች የሰበሰቡትን ዜና በድምፅ ማጉያ ያነባል። አምና ያነበበችው የሽቦ እናት ነበረች።

እናቷ ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ናት። የሆነ ጊዜ ጉሮሮዋን ታማ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። እሷ ዳነች፤ ድምፅዋ ግን ሻካራ ሆኖ ቀረ። ብዙ ስታወራ ደግሞ ይቆራረጣል። ቢሆንም አምና ዜናውን አንድ ቃል ሳትስት ነው ያነበበችው። ከኋላ ወንበር አንዳንድ ልጆች ኪኪኪ አሉ፣ ወላጆች ገላመጧቸው፣ በዚሁ ታለፈ።

ያልታለፈው በማግስቱ የሆነው ነው። ካሴት ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የሽቦ የወንበር ጓደኛ ነበረች። «ካሴት» የሚሏት የሰማችውን ድምፅ ሁሉ መልሳ ስለምታጫውት ነው፤ ርዕሰ መምህሩን፣ ጥበቃውን፣ የታክሲ ረዳቱን፣ ማንንም አትምርም። ያን ቀን በእረፍት ሰዓት ደረጃው ላይ ቆማ ጉሮሮዋን ጠረገችና «የተከበራችሁ ወላጆች» አለች። የሽቦ እናት ድምፅ ነበር። ቁርጥ እሷን። ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ወደቁ። ሽቦ ከታች ቆማ ጆሮዋ ጭው አለ።

«ቀልድ እኮ ነው» አለቻት ካሴት በኋላ። «ምነው፣ አታካብጂ እንጂ።»

ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ሽቦ ስታልፍ የላይኛው ክፍል ልጆች ጉሮሯቸውን እያሻከሩ መጥረግ ልማድ አደረጉት። ሽቦ ወንበር ቀየረች። ለእናቷ አንድም ነገር አልተነፈሰችም። ዘንድሮ የቤተሰብ ቀን ሲቃረብ ደግሞ «የዘንድሮው ቀርቷል እማዬ፣ ግቢው እየታደሰ ነው» ብላ ዘጋችው። እናቷን መልሳ ለእነዚያ ልጆች አፍ አሳልፋ አትሰጥም። ደግሞስ ለምን ትመጣለች? ዘንድሮ የሚሳቅበት ሌላ ሰው አለ።

ቁልፍ ቀራጩ የሚሠራው አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ነው፤ ሱቁ አንድ ሰውና አንድ መቅረጫ ማሽን ብቻ ይበቃዋል። ሽቦ ስትደርስ የአንድ ሴትዮ ቁልፍ በሞረድ እያለሰለሰ ነበር። ሲያያት ፊቱ በራ።

«ው… ውይ፣ ሽቦዬ። ጠ… ጠፋሽ እኮ።»

«ትምህርት በዝቶብኝ ነው ጋሼ» አለችና ዐይኗን ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ቁልፎች ላይ ተከለች። «ለቤተሰብ ቀን የጸደይ ዜናውን እርስዎ እንዲያነቡልን ፈልገን ነበር።»

ሞረዱን አስቀመጠ። ብረት ብናኙን ከእጁ ላይ አራገፈ። እሷ ሲያመነታ፣ ሲያፍር፣ «ተዪኝ ልጄ» ሲል ልታየው ተዘጋጅታ ነበር፤ ያኔ እንዴት እንደምታግባባውም አስባበታለች። እሱ ግን ቀና ብሎ አያትና «እ… እኔን?» አለ።

«እርስዎን።»

«እሺ» አለ። ያቺን ቃል አልተንተባተበባትም።

ሽቦ ወደ ቤቷ ስትሄድ የሆነ ነገር ጎረበጣት። ደረጃውንና ያንን ሳቅ አስታወሰች፤ ጥርሷን ነከሰች፤ ጉርብጥብጡ ተወት አደረጋት።

በቤተሰብ ቀን ጠዋት ሽቦ ብቻዋን ሆና የድምፅ ማጉያውን ስትሞክር ካሴት በሩን ገፍታ ገባች። ዐይኖቿ ቀልተዋል።

«ሆን ብለሽ ነው አይደል?»

«ምኑን?»

«ተይ እንጂ። ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ቆሞ ሲለማመድ ነው የሰነበተው። ጫማውን ሲያስር ያነባል፤ ሲላጭ ያነባል። ኮቱን ሁሉ ላውንደሪ ሰጥቶ አስተኩሷል።»

«ጎበዝ ነዋ» አለች ሽቦ፣ የድምፁን ቁልፍ ከፍ ዝቅ እያደረገች።

«ሰው ፊት እንደማይችል ታውቂያለሽ። በናትሽ ቀይሪው። አንቺ አንብቢው፣ አስተማሪው ያንብበው፣ በናትሽ።»

ሽቦ እጇን ከቁልፉ ላይ አነሳች። «በእናቴ አትለምኚኝ» አለች።

ካሴት ቀስ ብላ «አባቴ ምን አደረገሽ?» አለቻት።

«እናቴ ምን አድርጋሽ ነበር?»

«እኔ እኮ ያኔ… ቀልድ ነበር።»

«ይሄም ቀልድ ነው። አታካብጂ።»

ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ስትተኛ የምትለማመዳት ቃል ናት። አሁን ከአፏ ስትወጣ ልክ እንዳሰበችው ጣፈጠቻት። ካሴት በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

ቁልፍ ቀራጩ ከሰዓቱ ቀደም ብሎ መጣ። የተተኮሰው ኮት ትከሻው ላይ ጥብቅ ብሏል፤ ጥፍሮቹን አጥቦ አጥቦ ነጭ አድርጓቸዋል። አስተማሪው ጨበጠውና ወላጆችን ሊያስተናግድ ወጣ። ሽቦ ማይክራፎኑን አስተካከለችለት፤ ወረቀቱን ፊቱ አደረገችለት፤ ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች። በመስኮቱ ግቢው በሙሉ ይታያል። ካሴትን ፈልጋ አገኘቻት፤ የመጨረሻው ወንበር ጫፍ ላይ፣ ጭንቅላቷን በእጆቿ ይዛ።

«የ…» አለ ድምፅ ማጉያው። «የ… የተ… የተከ…»

ትንፋሽ ብቻ ተሰማ። እንደገና «የተከ…»

ሳቁ ከኋላ ተነሳ። መጀመሪያ ትንሽ ነበር፤ ከዚያ ወደ ፊት ወንበሮች እየተዛመተ መጣ። አንዱ ልጅ ተቀብሎ «የተ የተ የተ» አለ። ካሴት ወደ ጉልበቷ አጎነበሰች።

ሽቦ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ያን ቀን ደረጃው ሥር የቆመችው እሷ ነበረች፤ ዛሬ ተራው የሌላ ሰው ነው። ዐይኗን ከካሴት ላይ አላነሳችም። አንዲት ቅጽበት እንኳ እንድታመልጣት አልፈለገችም።

ከጀርባዋ ወንበር ሲንቋቋ ሰማች። ተነስቶ ሊወጣ ነው ብላ ዞረች። ቁልፍ ቀራጩ ግን ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው እያስጠጋ ነበር። ውሃ ጠጣ፤ አፉን በመሐረብ ጠረገ።

«አ… አትቸኩሉ» አለ ወደ ማይክራፎኑ። «ዜ… ዜናው የትም አይሄድም።»

ግቢው ውስጥ እንደገና ተሳቀ፤ የአሁኑ ሳቅ ግን አዋቂዎቹም ያሉበት፣ ለየት ያለ ነበር። እሱም ቀጠለ። የቤተ መጻሕፍቱ ጣራ መጠገኑን አነበበ። አንድ አናጺ ወላጅ የተሰባበሩትን ዴስኮች በነፃ ማደሱን አነበበ። የትምህርት ቤቱ ድመት እስፖርት ዕቃ መጋዘን ውስጥ መውለዷን አነበበ። «መጋዘን» የምትለዋ ቃል ለብቻዋ ዕድሜ ፈጀች። ሕፃን አለቀሰ፤ አንዳንዱ ወላጅ ከጎረቤቱ ጋር ወሬ ጀመረ፤ ሌላው ስልኩን አወጣ። እሱ ግን አንዲትም መስመር አልዘለለም። ጨርሶ «አመሰግናለሁ» ሲል ተጨበጨበለት፤ እንደማንኛውም ጭብጨባ፣ ሳይበዛም ሳያንስም። ካሴት ቀና አላለችም።

ሽቦ መጥታ ማይክራፎኑን አጠፋች። የኮቱ አንገትጌ በላብ ረጥቧል።

«አ… አመሰግናለሁ ልጄ» አላት። «ካሴት ጠዋት ነ… ነግራኛለች። እንዲሳቅብኝ ብለሽ እ… እንደመረጥሽኝ።»

ሽቦ ገመዱን እንደያዘች ደረቀች። እንዲቆጣት ጠበቀች። አልተቆጣም።

«ታዲያ… ለምን መጡ?»

«ማ… ማንበብ ፈለግሁ» አለ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው የሚለኝ ‹ተወው፣ ገ… ገብቶኛል፣ በቃ› ነው። አንቺ ለክፋትም ቢሆን አ… አንብብ አልሽኝ።» ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «ካሴትን ማ… ማናገሬ አይቀርም። አምና ምን እንዳደረገችሽ ዛ… ዛሬ ነው ያወቅሁት።»

በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እናትሽ ግን። ጠዋት ኮቴን ስ… ስቀበል፣ ለምን እንደዘነጥኩ ጠየቀችኝ። ለቤተሰብ ቀን ነው አልኳት። ‹ልጄ ዘንድሮ ቀርቷል ብላኛለች› አለች። ከዚያ ሌላ ኮት አንስታ መ… መተኮስ ቀጠለች።»

ሽቦ የቤተሰብ ቀኑ ፕሮግራም እስኪያልቅ አልጠበቀችም። በጓሮው በር ወጥታ ወደ ላውንደሪው ሄደች። መንገዱን ሁሉ በካሴት ላይ ልትናደድ ሞከረች፤ ንዴቱ አልጠፋም፣ አለ። ግን እንደ ጠዋቱ አልጣፈጣትም።

ላውንደሪው በእንፋሎት ታፍኗል። እናቷ የአንድ ሸሚዝ ኮሌታ እየተኮሰች ነበር። ስትገባ አየቻት፤ ካውያውን ግን አላስቀመጠችም።

«አለቀ?» አለች በሻካራ ድምፅዋ።

«አላለቀም።»

«ጥሩ ነበር?»

«እማዬ፣ ውሸቴን ነው። ግቢው አልታደሰም።»

«አውቄያለሁ።» ሸሚዙን ገለበጠችው። «አፈርሽብኝ?»

ሽቦ «አይደለም» ልትል ነበር። ተወችውና ሁሉንም ነገረቻት፤ ስለ ደረጃው፣ ስለ ሳቁ፣ ልጆቹ ስታልፍ ስለሚያደርጉት፣ ቁልፍ ቀራጩ ላይ ስላደረገችው። እናቷ እጇን ሳታቆም ሰማቻት። ሽቦ ስትጨርስ ካውያውን ቀጥ አድርጋ አቆመችው።

«እኔ ድምፄን አላውቀውም ብለሽ ነው?» አለች። «ቤት ስሰማው፣ ስልክ ላይ ስሰማው እኖራለሁ። አምና ከኋላ ሲስቁም ሰምቻለሁ። እንደገና አንብቢ ቢሉኝም አነብ ነበር።» የሸሚዙን እጅጌ ዘረጋችው። «ዛሬ ግን ያ ሰውዬ ኮቱን ለብሶ ሲወጣ፣ ከመደርደሪያው ኋላ ገብቼ አለቀስኩ።»

ሽቦ መሬት መሬቱን አየች። በመንገዱ ላይ ተሽከርካሪ አለፈ፤ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

«ካሴትስ?» አለች እናቷ። «ይቅርታ ጠየቀችሽ?»

«አልጠየቀችም።»

«አንቺስ?»

«አልጠየቅኳትም። ልጠይቃትም አልፈልግም።»

እናቷ የሚቀጥለውን ሸሚዝ አነሳች። ሽቦ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ በሩ አጠገብ አስቀመጠችው፤ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ማዶ ቆማ የሸሚዙን ጫፍ ያዘችላት።

«ረቡዕ የወላጆች ስብሰባ አለ» አለች። «ከሰዓት ነው።»

«ሥራ አለኝ።»

«ታስፈቅጃለሽ።»

«ከመጣሁ ዝም ብዬ አልቀመጥም። ስለ ትምህርት ቤቱ ውሃ ቧንቧ የምናገረው አለኝ፤ ከዓመት ዓመት አይሠራም።»

ሽቦ የላይኛው ክፍል ልጆች በአዳራሹ በር ተደርድረው ሲጠብቁ ታያት። ጆሮዋ ገና ከአሁኑ ጋለ። የሸሚዙን ጫፍ ግን አለቀቀችውም።

«ተናገሪ» አለች። «ከፊት ወንበር እይዝልሻለሁ።»