የድንጋይ ጣዕም

ጋሼ አንድ ጠዋት የተገኙት በሥራ ክፍላቸው፣ ራሳቸውን ክንዳቸው ላይ አሳርፈው ነው። ላየ ሰው ሸለብ ያደረጋቸው ይመስላል። ማጉያ መነጽራቸው እንደ ወትሮው በክር ከአንገታቸው ተንጠልጥሏል፤ መዶሻቸው በቀኝ፣ ክዳኑ ያልተነሳ የሻይ ብርጭቆ በግራ። የቀረው ጠረጴዛ ከዳር እስከ ዳር ድንጋይ ነው።

መጀመሪያ ያያቸው ጥላ ነው። ከተማሪነቱ ጀምሮ ከኋላቸው ስለማይጠፋ ሠራተኛው «የጋሼ ጥላ» ይለው ነበር፤ ቆይቶ ጥላ ብቻ ሆኖ ቀረ። ጮኸ፣ ሰው ተሰበሰበ፣ «ልባቸው ነው» ተባለ። ዕድሜውን ሙሉ ማዕድን ፍለጋ ተራራ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ልብ ቢደክም ማን ይገረማል?

ባለቤታቸው ግን አላመኑም።

«እኔ ክፉ ሳስብ ነው የኖርኩት» አሏት ለፖሊስ መርማሪዋ። «ባመሸ ቁጥር በቁሙ አልቅሼለታለሁ። ዋሻ ተጫነው አልኩ፣ መኪናው ተገለበጠ አልኩ። ወንበሩ ላይ ይሞታል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። እኔ ያላሰብኩት ክፉ ነገር ከደረሰ፣ ሌላ ሰው አስቦታል ማለት ነው።»

ሌላ ፖሊስ ቢሆን «ሐዘን ነው የሚያናግራቸው» ብሎ ይተወው ነበር። መርማሪዋ ግን ራሷ ልጇ ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየ ሆስፒታል የምትደውል ሴት ናት። ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ስጋት» ይሏታል። «ሁሉም ደህና ነው» ሲሏት ይበልጥ ትፈራለች። ስለዚህ ሬሳው እንዲመረመር አዘዘች።

ሐኪሙ በሩን ዘግቶ ነገራት።

«ልብ አይደለም፣ መርዝ ነው። ወርቅን ከድንጋይ ለመለየት የሚጠቀሙበት ዓይነት።»

«በሻይ?»

«ሻዩን አልነኩትም። ሆዳቸውም ባዶ ነው።»

«ታዲያ በምን ገባ?»

«እሱን አንቺ ንገሪኝ። እኔ ያገኘሁት ምላሳቸው ላይ ግራጫ አቧራ ነው። የድንጋይ አቧራ።»

«ይህን ማንም እንዳይሰማ። ለጠየቀህ ሁሉ ልባቸው ነው በል።»

ከዚያ ወደ ሥራ ክፍሉ ተመለሰች። ድንጋዮቹ ጥግ ለጥግ ተደርድረዋል፤ መሀሉ ላይ ግን ቡጢ የሚያህል ባዶ ቦታ አለ። እዚያ የነበረ ድንጋይ ተነስቷል። መስኮቱን ከፍታ ቁልቁል አየች። ከሥሩ የአበባ መደብ አለ፤ ዙሪያውን በድቡልቡል የወንዝ ድንጋይ ታጥሯል። ከድቡልቡሎቹ መካከል አንድ ሹል፣ ገና በቅርቡ የተፈለጠ ድንጋይ ተቀምጧል። ወርዳ በመሐረብ ጠቅልላ አነሳችውና ለምርመራ ላከችው።

ከማዕድኑ ሰዎች መጀመሪያ ያነጋገረችው የቁፋሮውን ኃላፊ ነው። «ነጎድጓድ» ይሉታል። «ሹክ ልበልሽ» ሲላት ከሦስተኛው ክፍል አንድ ጸሐፊ ዞር ብላ አየች።

«ከጋሼ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል» አለች መርማሪዋ።

«መቼ ታርቀን እናውቃለን! አንድ ቀን ካልተጣላኝ ታሞ ይሆን ብዬ ቤቱ እሄድ ነበር።»

«የመጨረሻው ጠብ በምን ነበር?»

ነጎድጓድ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ይህም ለሌላ ሰው ጩኸት ነው።

«በአዲሱ ዋሻ። ጣራውን ሄዶ በመዶሻ ፈልጦ ላሰው፤ ምላሱ ላይ ተጣበቀ። ምላስ ላይ የሚጣበቅ ድንጋይ ውስጡ ጭቃ ነው፤ ውሃ ሲነካው ያብጥና ይናዳል። ለምርመራ የቀረበው ድንጋይ ግን ጠንካራ ነበር። ‹አንድ ሰው ቀይሮታል› አለኝ። ቁፋሮው ዛሬውኑ ይቁም ስለው ‹ቆይ› አይለኝ መሰለሽ! ‹ያጠፋው ሰው ራሱ ይናገር፣ እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ።› ማን ነው ብለው አፉን ዘጋ። እኔ ሰዎቼ በዚያ ጣራ ሥር ናቸው፤ ጮህኩበት። ሰኞን ሳያይ ሞተ።»

«አሁንስ ይቆፈራል?»

«በራሴ ሥልጣን አቁሜዋለሁ። ግን እስከ መቼ? አስተዳደሩ ‹ማስረጃ አምጣ› እያለ ሊበላኝ ነው።»

«ድንጋዩ በማን በማን እጅ አለፈ?»

«ጥላ ይሰበስባል፣ የእኔ መኪና ያመላልሳል፣ የጋሼ ልጅ በላቦራቶሪ ትመረምራለች። ከሦስታችን አንዳችን ነን ማለት ነው። እኔንም ጨምሪ፣ አልቀየምሽም።»

«እናንተም ድንጋይ ትልሳላችሁ?»

ሳቀ። «እሱ ያስተማረው ሁሉ ይልሳል! ‹ድንጋይ ለዓይን ይዋሻል፣ ምላስን ግን ያፍረዋል› ይለን ነበር። አሁንማ አስቤው አይደለም፤ እጄ ራሱ ወደ አፌ ይወስደዋል። ሚስቴ ‹አንተ ሰውዬ፣ በልተህ አትጠግብም?› ትለኛለች።»

የጋሼ ልጅ በላቦራቶሪዋ ነበረች፤ ጥቁር ልብሷ ላይ ነጭ ካፖርት ደርባለች። ዓይኗ አብጧል።

«ለመዝገቡ ያህል፣ ወርቅ የምትለዩባቸው ኬሚካሎች ሁሉ የት ነው የሚቆለፉት?»

«እዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ ሌላ የለውም።»

«ለማንም ሰጥተሽ አታውቂም?»

«ለባዕድ? ኧረ በጭራሽ!»

«ከአባትሽ ጋርስ እንዴት ነበራችሁ?»

«ተኮራርፈን ነበር። ‹የመረመርሽው በእርግጥ የዋሻው ድንጋይ ነው?› ብሎ ጠየቀኝ። የጠረጠረኝ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ቤት ስሄድ ሰላም አላልኩትም። እንደ ተኮራረፍን ሞተ።» ፊቷን በካፖርቷ እጅጌ ሸፈነች።

ጥላ የጋሼን ፎቶግራፍ በመስተዋት ክፈፍ ውስጥ ሲያስገባ ነው ያገኘችው። ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«እናቴ ስትሞት ቤታቸው ወስደው ያሳደጉኝ ጋሼ ናቸው። በልጃቸውና በእኔ መካከል ልዩነት አላደረጉም። እሷም ወንድሜ ነው የምትለኝ።» ከዚያ ቀና አለ። «ግን ለልብ ሕመም ይኼ ሁሉ ጥያቄ ምንድን ነው?»

«ልማዴ ነው፤ ክፉ ሳስብ እውላለሁ።»

«እሁድ ቤት ተሰብስበን እናስባቸዋለን። ነይ፤ ቤትሽ ነው።»

የሰው ቤት እንደ ራሱ ቤት ነው የጋበዛት።

ቅዳሜ ዕለት የድንጋዩ ውጤት መጣ፤ መርዝ አለበት። መርማሪዋ ወደ ጋሼ ቤት ሄዳ ባለቤታቸውን ወጥ ቤት ውስጥ ለብቻቸው አገኘቻቸው። እውነቱን ነገረቻቸው፤ አክላም «እትዬ፣ አለቃዬ ‹ቁልፉ ያለው ሰው ይታሰር› ይለኛል» አለች።

«ልጄ? አባቷን?»

«ነገ እስኪያልፍ ለምኜዋለሁ። እርስዎ ግን ምን ይላሉ?»

ሴትየዋ አፋቸውን ከፈቱ። ልጃቸው በዚያ ሰሞን በበሩ ስትገባ አባቷን ቀና ብላ እንኳ ሳታይ ማለፏ ትዝ አላቸው። እንዴት እንዳሳደጓት፣ ጉንፋን ሲይዛት እንዴት ሌሊቱን ተቀምጠው እንዳነጉ ሊናገሩ ነበር። ከአፋቸው የወጣው ግን «እኔ ምን አውቃለሁ?» የሚል ነው።

«ለማንም አይናገሩ። ለእሷም ቢሆን» አለች መርማሪዋ።

እሁድ ሳሎኑ ጢም አለ። የቀድሞ ተማሪዎች፣ ጎረቤቶች፣ የማዕድኑ ሠራተኞች መጡ። ጥላ ሻዩ ላይ ሎሚ ጨምቆ ጠጣና ንግግር አደረገ። «አባት ማለት የወለደ ብቻ አይደለም» ሲል ያላለቀሰ አልነበረም።

ጎረቤቱ ከተሸኘ በኋላ መርማሪዋ አራቱን ብቻ አስቀረች፤ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ነጎድጓድንና ጥላን። ከወጥ ቤት ትሪ ይዛ መጣች። ትሪው ላይ ድንጋይ አለ፤ ራሷ ለቅማ ራሷ ያጠበችው።

«እኔ ድንጋይ አላውቅም። ጋሼ እንዴት ያስተምሯችሁ እንደነበር አሳዩኝ። እያንዳንዳችሁ አንድ አንሱና ምን እንደሆነ ንገሩኝ።»

ነጎድጓድ አንዱን አንስቶ ላስ አደረገው። «ይኼማ የቤት መሠረት ነው! የማንን አጥር አፍርሰሽ ነው የመጣሽው?»

ልጅቷ እጇን ዘረጋች። እናቷ ከማዶ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ የልጃቸው ድምፅ መጣ፤ «ኖራ ድንጋይ። ትንሽ ጨው ጨው ይላል።» ዓይናቸውን ሲገልጡ የልጃቸው ከንፈር ላይ ነጭ አቧራ አለ።

ጥላ ድንጋዩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ጣቱን ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ነክሮ አሸት አሸት አደረገው። «የአሸዋ ድንጋይ ነው» አለና መልሶ አስቀመጠው። እጁን በመሐረብ ጠረገ።

«አንተ ለምን አልላስከውም?» አለች መርማሪዋ።

«ምላሴ ቆስሏል።»

«ቅድም ሎሚ ጨምቀህ ስትጠጣ ፊትህ እንኳ አልተኮማተረም።»

መርማሪዋ አልተቀመጠችም።

«ጋሼ በልብ ሕመም አልሞቱም። የገደላቸው ድንጋይ ላይ የተቀባ መርዝ ነው፤ ድንጋዩ ከመስኮታቸው ሥር ተገኝቷል። ከዚህ ቤት ሰው ይህን የሚያውቁት እትዬ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ከሦስታችሁ ድንጋይ ለመላስ የሚፈራ ሊኖር አይገባም ነበር። ገዳዩ ግን ያውቃል። አይቶታላ! እጁ የለመደውን፣ ምላሱ እምቢ አለው።»

«ይኼ ማስረጃ ነው?» አለ ጥላ።

«ብቻውን አይደለም። ንገሪኝ እስቲ» አለች ወደ ልጅቷ ዞራ። «ቁልፉን ለባዕድ አልሰጠሁም ብለሽኛል። ለወንድምሽስ?»

ልጅቷ ግራ ገባት። «ልጄን አተኩሶት ሐኪም ቤት ስወስደው፣ ላቦራቶሪውን ከነቁልፉ ለእሱ ትቼ ነው የሄድኩት። እሱ እኮ ባዕድ አይደለም…» ዐረፍተ ነገሩ አላለቀም። እየተናገረች ሳለ ገባት።

«ድንጋዩን የሚሰበስበው አንተ ነህ» አለች መርማሪዋ ለጥላ። «ዋሻው ቶሎ እንዲቆፈርና ሥራው እንዲሳካልህ የጣራውን ድንጋይ በሌላ ለወጥክ። ጋሼ ደረሱበት። ሌላ ሰው ቢሆን ያን ቀን ያጋልጡት ነበር፤ ላንተ ግን ጊዜ ሰጡ። እንደ ልጅ ለሚያዩት ሰው እንጂ ለማን ነው እንዲህ የሚደረገው? አንተም ‹እውነተኛውን ድንጋይ ይኸው› ብለህ አመጣህላቸው። ጠዋት ቀድመህ ገብተህ ድንጋዩን ከጠረጴዛው አነሳህ፣ በአበባው አጥር መሀል ደበቅክ፤ ከዚያ ጮህክ።»

ነጎድጓድ ተነሳ። ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። «ሰዎቼ እዚያ ጣራ ሥር ነበሩ!» የመስኮቱ መስተዋት ነዘረ። መርማሪዋ ክንዱን ይዛ ባታቆመው የጥላን አንገት ባነቀ ነበር።

ጥላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጋሼን ፎቶግራፍ ነበር የሚያየው።

«ድንጋዩን ስሰጣቸው ደስ አላቸው» አለ ቀስ ብሎ። «‹አውቄ ነበር እንደምታመጣው› አሉኝ።» ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዞረ። «እማዬ፣ ጋሼ ይቅር ይሉኝ ነበር።»

«እማዬ አትበለኝ። እሱማ ይቅር ብሎህ ነበር። አንተ የገደልከው ይቅር ያለህን ሰው ነው።»

ውጭ ሲጠብቁ የነበሩት ፖሊሶች ወሰዱት። ነጎድጓድ «አሁን ማስረጃ አለኝ!» እያለ ወደ ማዕድኑ በረረ። መርማሪዋ በሩ ጋ ስትደርስ ልጇ ከትምህርት ቤት ጓደኛው ጋ እንደዋለ ትዝ አላትና ስልኳን አወጣች።

ሳሎኑ ውስጥ እናትና ልጅ ቀሩ። ልጅቷ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች፣ ትሪውን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«እማዬ።»

«ወዬ ልጄ።»

«መርዝ መሆኑን ታውቂ ነበር አይደል?»

«ከትናንት ጀምሮ።»

«እኔ ድንጋዩን ሳነሳ ዓይንሽን ጨፈንሽ። አይቼሻለሁ። ሐዘኑ ነው ብዬ ነበር።»

እናት ሰላሳ ዓይነት ክፉ ነገር አስበው ያውቃሉ፤ ይህን ጥያቄ ግን አላሰቡትም።

«ፈርቼ ነው፣ ልጄ።»

«ምንን?»

ሴትየዋ ትሪው ላይ ወደ ቀረው ድንጋይ አዩ። ልጅቷ ከከንፈሯ ላይ ነጩን አቧራ በእጇ ጀርባ ጠረገችና ካፖርቷን አንስታ ወጣች። በሩን ስትዘጋ ቀና ብላ አላየቻቸውም።