አሜን ያልተባለበት ካሴት

ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው።

እንደሻውን አውቀዋለሁ። አሰላ ውስጥ ሒሳብ ያስተምራል፤ ለወሬ የሚቸኩል ሰው አይደለም። «ስምህን ልቀይረው?» ብዬ ብጠይቀው «አትቀይረው፣ ሰው ይጠንቀቅበት» አለኝ።

ቅዳሜ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ጭጋጉ ከጭላሎ ተራራ ወርዶ የከተማውን ቆርቆሮ ሁሉ ሸፍኖታል።

እናቱ እማማ አልጣሽ ሰኞ ጉሮሯቸውን ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል። ሐኪሙ «ድምፃቸው ላይመለስ ይችላል» ብሏል። ታናሽ እህቱ ትንቢት ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ታገባለች።

ያለ እናት ምርቃት ከቤት የምትወጣ ሙሽራ የት አለች? ምርቃቱ ከሰኞ በፊት መቀዳት አለበት።

በስልክ ልቅዳው ቢላቸው እናቱ አሻፈረኝ አሉ። የሟች አባቱ ድምፅ ስልክ ላይ ነበር፤ ስልኩ ሲበላሽ አብሮ ጠፋ። «በእጄ የምጨብጠው ነገር ላይ ይሁን» አሉት። ካሴት ማለታቸው ነው።

ከገበያው ጀርባ ሬዲዮ የሚጠግኑት ጋሽ ሰላሁዲን ሦስት ቴፕ አወጡለት።

«ይቺ የምታብረቀርቀው እንዳታታልልህ፤ ካሴት ትበላለች። ይቺኛዋ ሞተሯ ደክሟል፤ ድምፅ ትጎትታለች።»

ሦስተኛዋ ግራጫ ናት። ጠርዟ ተላልጧል። ዋጋዋ ግን ለአስተማሪ ኪስ የሚሆን ነው።

«እቺስ ጋሼ?»

«ላስቲኳን እኔው ቀይሬዋለሁ። ግን በዘፈን አትፈትናት፤ ዘፈን ጉድለት ይሸፍናል። ዝምታ ቅዳባት።»

ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው አንድ ደቂቃ ቆሙ። ከዚያ አጫወቷት።

ምንም...

ሽሽ የሚል ድምፅ እንኳ የለም። በመሀል ውጭ አንድ ሚኒባስ ጡሩምባ ነፍቶ ነበር። እሱም አልተቀዳም።

ጋሽ ሰላሁዲን ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ወላሂ፣ እንዲህ ንጹህ ሰምቼ አላውቅም።»

እንደሻው ግን ደስ አለው። ርካሽና ደህና ነገር ያገኘ ሰው መች ብዙ ይጠይቃል?

«ስትቀዳ ከእናትህ ሌላ ማንም ድምፅ እንዳያሰማ» ብለው መከሩት።

ምክሩ ጥሩ ነበር። ጥፋቱም ከዚያው መጣ።

ስምንት ሰዓት ላይ እቤት ገብቶ የቴፗን ማይክ እናቱ ጉልበት ላይ አስቀመጠ። እሱ በሩ አጠገብ ቆመ።

«ትንቢት ልጄ፣ የእጅሽ ሥራ ይባረክ» አሉ እናቱ በሻከረ ድምፅ።

እንደሻው ዝም አለ።

ቀና ብለው አዩት። «አሜን በል እንጂ ልጄ።»

ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ቀጥይ የሚል ምልክት ሰጣቸው።

«ማጀትሽ አይጉደል... ወልደሽ ለመሳም ያብቃሽ...»

አሁንም ዝም።

የእናቱ ፊት ተለወጠ። «ምርቃት ተቀባይ ሲያጣ ሜዳ ላይ ይቀራል» አሉ በሹክሹክታ። «ያገኘው ያነሳዋል።»

ሲጨርሱ ካሴቱን መልሶ ማጫወት ጀመረ።

«ትንቢት ልጄ፣ የእጅሽ ሥራ ይባረክ።»

...

«አሜን።»

የወንድ ድምፅ ነው። ወፍራም። አፉን ማይኩ ላይ የደቀነ ሰው ድምፅ።

ቤት ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

«ማጀትሽ አይጉደል...»

«አሜን።»

አሜን በተባለ ቁጥር የእናቱ ድምፅ እየሳሳ ሄደ። እንደሻው ፈራ። ሶኬቱን ነቀለው።

«እማዬ፣ እንደገና መርቂ። አሁን እኔ አሜን እላለሁ።»

እናቱ አፋቸውን ከፈቱ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

ድምፅ አልወጣም።

ቀዶ ሕክምናው ገና ሰኞ ነው።

«እማዬ?»

ከኋላው ቴፗ ቀጭ አለች። ሶኬቱ ወለሉ ላይ ነው። ባትሪም የላትም። ካሴቱ ግን ይዞራል።

«አሜን በል እንጂ ልጄ» አለ የእናቱ ድምፅ... ከውስጥ።

እንደሻው «አሜን» ሊል አፉን ከፈተ።

እናቱ ክንዱን ጭምቅ አድርገው ያዙት። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ልክ ቅድም እሱ እንዳደረገው።

የሚያዩት ግን እሱን አልነበረም። ዓይናቸው ከትከሻው ኋላ፣ ቴፗ ያለችበት ጥግ ላይ ነው። መጀመሪያ ወለሉን አዩ። ከዚያ ዓይናቸው ቀስ እያለ... ወደ ላይ ወጣ... ከተቀመጠበት የሚነሳ ሰው እንደሚያዩ።