በቀይ የተቀባው ሰፈር

ሬሳው ከታች ሰፈር፣ ከረጅሙ የድንጋይ ደረጃ ግርጌ፣ ጭቃው ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ከግራ ጆሮው በላይ የራስ ቅሉ ተበርቅሶ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ የቁስሉ አፍ እንደ ሦስት ማዕዘን ሹል ነው። የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች ወደ ኋላ ታጥፈው ተሰብረዋል። ፊቱን ሊከልልበት ያነሳው እጅ መሆን አለበት።

ሟቹ ከባሕር ማዶ የመጣ ጎብኚ ነበር። ዕድሜው ስድሳን ያለፈ፣ ነጭ ጢሙን ከርክሞ የሚይዝ፣ አገር ላገር እየዞረ «እዚህ ሰፈር እደሩ፣ እዚያ ተጠንቀቁ» የሚል መጽሐፍ ለመንገደኞች የሚጽፍ ሰው።

ሳጅኑ አጠገቡ ተንበረከከ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሳጅን ነው። ሽጉጥ ፈትቶ መግጠም ያስተማራቸው ልጆች ዛሬ ትከሻቸው ላይ ኮከብ ደርድረው ያዝዙታል። እሱ ከስድስተኛ ክፍል ወዲያ አልተማረም። ተወልዶ ያደገውም እዚሁ፣ ከደረጃው ግርጌ ነው። ጣቢያው ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ አጋጣሚ ጠብቆ የማያነሳበትም የለም።

«ምን ታፈጥበታለህ?» አለው አዛዡ ከደረጃው አናት። ጫማው እንዳይቆሽሽ አልወረደም። «ነገሩ ያለቀለት ነው። ገዳዩ ተይዟል። የናንተው ሰፈር ሰው ነው።»

የተያዘው ጫማ ሰፊው ነው። ሊነጋጋ ሲል ሬሳውን አግኝቶ፣ ነፍስ ያለው መስሎት ራሱን ደግፎ «የሰው ያለህ!» ብሎ ጮኸ። የመጣው ሰው ያየው ግን በደም የተነከረ እጁን ብቻ ነበር። በድንጋይ መቱት፣ በጫማ ረገጡት። መንጋጋውን ሰበሩት፤ ግራ ዓይኑን አጠፉት። ጣቢያ ከገባ በኋላ ደግሞ ፖሊሶቹ የቀረውን ጨመሩበት።

«በስምንት ሰዓት ክሱ ተጽፎ ወደ ትልቁ እስር ቤት ይሄዳል» አለ አዛዡ። «ኤምባሲው መልስ እየጠየቀ ነው።»

እዚያ የገባ የእንግዳ ገዳይ ሳምንት እንደማያድር ሳጅኑ ያውቃል። የሚያየው የሟቹን ጫማ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ሰፈሩ እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ሆኗል፤ የሟቹ ሶል ግን እንደታጠበ ሳህን ንጹህ ነው። ማሰሪያው በሁለት እጅ ተስቦ፣ ድርብ ተቋጥሮ ጠብቋል። ፈታው። ጫማውን አውልቆ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። ከጣቶቹ ማረፊያ ላይ የተጠቀጠቀ እርጥብ ጋዜጣ ወጣ። ሌላኛውም ውስጥ እንደዚያው።

«እስከ ስምንት ሰዓት ይፍቀዱልኝ፣ ጌታዬ።»

«ውሰድ። ካንተ የሚገፈፍ ማዕረግ እንደሁ የለህም።»

ጫማ ሰፊው ከእስር ክፍሉ ጥግ ተኮራምቶ ደም ይተፋል። ሳጅኑን በቀረችው ዓይኑ አየው።

«አንተ የቦኖዋ ልጅ አይደለህም? እናትህ ውሃ የምትቀዳልን?»

«ነኝ። ገደልከው?»

«ወዳጄን?» ለመሳቅ ሞከረና መንጋጋውን ያዘ። «ስምንት ቀን ሙሉ እየመጣ በርጩማዬ ላይ ተቀምጦ በዚያ በተሰባበረ አነጋገሩ ሲያስቀኝ ነበር። ካሉት ሁለት ጥንድ ጫማዎች አንዱን ጥንድ እኔ ዘንድ ትቶታል፤ ሶል እየቀየርኩለት ነው። የቀረው ሌላው ጥንድ ብቻ ነው።»

«ጠዋት ምን ሰማህ?»

«ጎማ። የሚያለቅስ ጎማ። ከደረጃው አጠገብ ባለው ቁልቁለት ወርዶ ተመለሰ። ከላይኛው ቤት አንሶላ ለማጠቢያ የምታመጣው ሴትዮ መስላኝ ነበር። ወንድሜ... እዚያ እስር ቤት ከወሰዱኝ አልመለስም አይደል?»

ሳጅኑ ብድግ ብሎ ወጣ።

ሟቹ ያረፈበት የእንግዳ ማረፊያ ከደረጃው አናት፣ አጥሩ ላይ እሾሃማ ሽቦ የተጠመጠመበት ቤት ነው። በሩ ላይ «ከከተማው ሁሉ ሰላም ያለበት ሰፈር» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ባለቤቲቱ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ የተከበረች፣ ሠራተኞቿ «እትዬ» የሚሏት ሴት፣ ሳሎኗ ውስጥ ተቀብላ ከራሱ እስከ እግሩ ገረመመችው።

«አንተ ነህ የመጣኸው? አዛዡ ራሳቸው የሚመጡ መስሎኝ።»

«ጫማቸው እንዳይቆሽሽ ነው፣ እትዬ። እንግዳው ከዚህ የወጣው መቼ ነው?»

«ማታ እራቱን በላ። እዚህች ደረጃ ላይ ተቀምጦ ጫማውን አሰረ። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ‹ኧረ አይውረዱ፣ እታች ያርዱዎታል!› ብዬ ለምኜ ነበር። አልሰማኝም።»

ከጠረጴዛው ካርታ አንስታ ሰጠችው። ለእንግዶቿ ሁሉ የምታድለው ነው። ታች ሰፈርን በገዛ እጇ፣ ጥግ ሳታስቀር፣ በቀይ እስክሪብቶ ሞልታ ቀብታዋለች። ሳጅኑ የተወለደበትን ቤት በጣቱ ፈለገ። ከቀዩ መሃል ነው።

«ለደህንነታቸው ብዬ ነው» አለች።

«የቤቱ አንሶላ የት ነው የሚታጠበው?»

«እታች ነው። እዚያ ዋጋው ይረክሳል።»

«አንሶላ አይታረድማ።»

ፊቷ ቀላ። እሱ ግን ካርታውን አጥፎ ኪሱ እየከተተ ቀጠለ። «በዚህ ዝናብ ጫማ ሲበሰብስባችሁ በምን ታደርቁታላችሁ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሠራተኛ የያዝኩት ለምን ሆነና?»

ግቢው ውስጥ ሁለት ወንዶች ቆመዋል። አንዱ ታናሽ ወንድሟ፣ እንግዶቿን የሚያዞረው አስጎብኚ ነው። ሌላው የቤቱ ሹፌር፤ የቀኝ እጁ አንጓ በጨርቅ ተጠቅልሎ አብጧል።

«ምን ነካህ?» አለው ሳጅኑ።

«የመኪና በር።»

ሳጅኑ እጁን ያዘና ቀስ ብሎ ጠመዘዘው። ሹፌሩ ጮኸ። ተንበርክኮ መሬት ወረደ። ሳጅኑ በዚህ አላፈረም፤ የጫማ ሰፊውን መንጋጋ ገና አሁን አይቶ መምጣቱ ነው።

«በሩ ምን ዓይነት ነው?»

«የሰውየው ዣንጥላ ነው! ልቀቀኝ! ድራማ ነው፣ ሰው አንነካም! አስጎብኚው እንግዶቹን ወደ ታች ሰፈር ጫፍ ይወስዳቸዋል፣ እኔ ፊቴን ሸፍኜ ቢላ አወጣለሁ፣ እሱ ያባርረኛል። ከዚያ ወዲያ ያለ እሱ ከበር አይወጡም። ሽማግሌው ግን አልሸሸም! ትናንት በቀን በዣንጥላው ብረት አንጓዬን ሰበረው። ማታ እራት ላይ እጄን አይቶ ሁሉንም አወቀ።»

አስጎብኚው አመድ መሰለ። «እኛ አልገደልነውም» አለ። «እኔም እሱም ከእራት በኋላ ሸሽተን ወጥተን...»

«የት?»

«ጓደኛ ቤት።»

«ጓደኛ ደግሞ ሁሌ አለ» አለና ሳጅኑ ወደ ወጥ ቤት ገባ።

ሠራተኛዋ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ፣ እጇ በሳሙና የተላጠ ሴት ናት። ሳጅኑ ከኪሱ ጋዜጣውን አውጥቶ ሲያሳያት ወዲያው አወቀችው።

«የኔ ነው! ጫማ ውስጥ የምጠቀጥቀው። ውሃውን ይጠጣዋል። እንግዳው ጋሼ ትናንት አመሻሽ ጭቃ በጭቃ ሆነው መጡ፤ አጥቤላቸው፣ ጋዜጣ ሞልቼ ምድጃው አጠገብ አቆምኩት። እራት የበሉት በነጠላ ጫማ ነው።»

«ጋዜጣ እንደምትሞይ ማን ያውቃል፣ እታለም?»

«አስጎብኚው በደንብ ነው የሚያውቀው! የሱንም የማጥበው እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ከጫማው እያወጣ ግቢው ላይ ይበትነዋል፤ ስንጨቃጨቅ ነው የሚነጋው።»

«እትዬስ?»

«እትዬ? ወጥ ቤት ከገቡ ዓመት ሆናቸው። ጫማቸውም ጭቃ አይቶ አያውቅ።»

«ማታ ጩኸት አልሰማሽም?»

«ያ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ? ጆሮ ያደነቁራል። ደክሞኝ ጓሮ ገብቼ ተኛሁ።»

ሳጅኑ የልብስ መተኮሻውን ጠረጴዛ አየ። «ካውያሽ የት ሄደ?»

«ጠዋት ብነሳ የለም። እትዬ ‹ላሠራው ልኬዋለሁ› አሉኝ። ደህና ካውያ ነበር እኮ!»

የአንሶላ መውሰጃው ጋሪ ከጓሮ ቆሟል። ሠራተኛዋ ዛሬ እንዳልነካችው ምላ ነገረችው፤ ጎማው ግን እርጥብ ጭቃ ጠግቧል። ሳጅኑ አንድ እርምጃ ገፋው። ጎማው እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ሁሉም ሳሎኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። አዛዡ ሰዓቱን እያየ ተቀምጧል። ጫማ ሰፊው በካቴና በሩ ጋ ቆሞ ምንጣፉ ላይ ደም ሲያንጠባጥብ ባለቤቲቱ ፊቷን አዞረች።

«ባጭሩ» አለ አዛዡ።

«ባጭሩ፣ ሰውየው እታች አልሞተም» አለ ሳጅኑ። «በዚያ ጭቃ ላይ የሄደ ሰው ሶሉ ንጹህ አይሆንም። ቢሆን እንኳ፣ ጣቱ ማረፊያ ላይ ጋዜጣ ጠቅጥቆ ደረጃ የሚወርድ ሰው አላየሁም። ጫማው የተደረገለት ከሞተ በኋላ ነው። ጫማው ደግሞ እዚህ ቤት ምድጃ አጠገብ ነበር። ስለዚህ የሞተው እዚህ ነው። ቁስሉ የካውያ ጫፍ ነው። የወረደው በአንሶላ ጋሪ ነው፤ ይኼ ሰው ጎማውን ሰምቷል።»

«ማነው ታዲያ?» አለ አዛዡ። ሰዓቱን ማየት ትቷል።

«ሹፌሩ ሁለት እጅ የለውም፤ ያንን ቋጠሮ በአንድ እጅ ማንም አያጠብቀውም። ሠራተኛዋ ጋዜጣውን የምትሞላው ራሷ ናት፤ ብትገድል መጀመሪያ እሱን ታወጣለች። አስጎብኚው በየቀኑ ከገዛ ጫማው ያወጣል፤ እጁ ለምዷል። ጋዜጣውን ረስቶ ሬሳ ጫማ የሚያደርግ፣ በገዛ ቤቱ ጫማ እንዴት እንደሚደርቅ የማያውቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ቤት አንድ ብቻ አለ።»

ሁሉም ወደ ባለቤቲቱ ዞሩ።

«ጫማውን ሲያስር አየሁት ያሉኝም እርስዎ ብቻ ነዎት፣ እትዬ። ሰውየው ግን በነጠላ ጫማ ነበር።»

ባለቤቲቱ ዘላ ተነሳች። የሄደችው ግን ወደ ሳጅኑ አልነበረም። የሠራተኛዋን ፀጉር ጨብጣ ጭንቅላቷን ከግድግዳው ጋር አጋጨችው፤ አንዴ፣ ሁለቴ። «አንቺ ነሽ! ማን ጋዜጣ ጠቅጥቂ አለሽ? ማን አዘዘሽ?» ሳጅኑ ከኋላ አንቆ ሲያላቅቃት የሠራተኛዋ አፍንጫ ደም ያወርድ ነበር። ባለቤቲቱ ምን እንደተናገረች ራሷም የሰማችው ያኔ ነው።

«እቴ...» አለ ወንድሟ። «እቴ፣ አንቺ?»

ሳጅኑ ቀድሞ ለፍተሻ የላከው አንድ ፖሊስ ከመኝታ ቤቷ ጥቅል ይዞ ወጣ። ሲፈታው ደም የጠጣ አንሶላ፣ በመሃሉ ካውያ። ጫፉ ላይ ነጭ ፀጉር ተጣብቋል።

«ድራማውን ሊጽፍብኝ ነበር» አለች ወንበሩ ላይ ወድቃ። «መጻፉንስ ይጻፍ ባልኩ ነበር። ‹ነገ ታች ሰፈር እገባለሁ፣ እዚያ ሰላም ነው› አለኝ። የኔን ቤት ጥሎ! እዚያ! ወጥ ቤት ድረስ ተከተልኩት፤ ካውያው እጄ አጠገብ ነበር። እጁን ሲያነሳ እጁን መታሁት። ከዚያ ማቆም አልቻልኩም።» ከጠዋት ጀምሮ «አንተ» ስትለው የዋለችውን ሰው ቀና ብላ አየችው። «እርስዎ... እባክዎ፣ በጓሮ በር ያውጡኝ። ጎረቤት እንዳያየኝ።»

«ይኼን ሰውስ ሰፈሩ ሁሉ እያየው አይደል ያመጣነው?» አለ ሳጅኑ ጫማ ሰፊውን እያሳየ። በፊት ለፊቱ በር አወጣት።

አዛዡ እየወጣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ሪፖርቱን እኔ እጽፈዋለሁ። ያንተ አጻጻፍ ይታወቃል።» ሃያ አራት ዓመት ዝም ያለ ሰው አንድ ቀን ቢጨምርበት ምንም አይልም።

ጫማ ሰፊው በፖሊስ መኪና አልሄድም ብሎ ደረጃውን በእግሩ ወረደ። ሳጅኑ ደግፎት ነው። መሥሪያው ጋ ሲደርሱ በርጩማው ላይ ተቀመጠና እጁን ዘረጋ።

«ያንን ካርታ እስቲ።»

ሳጅኑ ሰጠው። በአንድ ዓይኑ አቅርቦ፣ አርቆ፣ አዙሮ ተመለከተው።

«ይኼ ቀይ ሁሉ እኛ ነን?»

«እኛ ነን።»

«ቀለሙ አላለቀባትም?»

ሁለቱም ሳቁ። ጫማ ሰፊው መንጋጋውን በመዳፉ ደግፎ እየሳቀ፣ የጠፋችው ዓይኑ በተሸፈነችበት ጨርቅ ስር እንባና ደም አወረደች። ከዚያ ከመደርደሪያው ሶሉ የተቀየረውን ጫማ አነሳ። አንድ ጎኑ ላይ አራት ጣት የሚሆን ስፌት ቀርቶታል። ክሩን በመርፌው ለማስገባት ሞከረ፤ በአንድ ዓይን ቀዳዳው እምቢ አለው።

ሳጅኑ መርፌውን ተቀብሎ ክሩን አስገባለትና መለሰለት።

«ለማን ብለህ ነው የምትጨርሰው?» አለው።

«ሥራ ነዋ» አለ ጫማ ሰፊው፣ ጫማውን በጉልበቶቹ መሃል እያጣበቀ። «ነገ ይመጣ ነበር።»