የታችኛው መቃብር ድንጋይ

ጠጋ በሉ። መብራቱ እንደሆነ ዛሬም አይመጣም። ፊታችሁን ባላይም እናንተ ድምፄን ትሰማላችሁ፣ እሱ ይበቃል።

የምትፈሩት ይህን ጨለማ ነው አይደል? እኔም ልጅ ሳለሁ ጨለማ ነበር የምፈራው። ይህን ታሪክ ከሰማሁ ወዲህ ግን የምፈራው ቀትርን ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ጥላችሁ እግራችሁ ሥር ሲገባ፣ ዶሮ እንኳ ዝም ሲል። የማወራላችሁ ሰውዬ የሄደው በዚያ ሰዓት ነው። መንገዱም ከከተማው ጀርባ ወደ አሮጌው መቃብር የሚወርድ ቀጭን መንገድ ነው። ግራና ቀኙ ቁልቋል ነው። ሰው አይበዛበትም። የት ከተማ ነው አትበሉኝ፤ አልናገርም።

ድሮ ነው። ጓንጉል የሚባል ግንበኛ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ከአሁኑ ያዙልኝ። ማዘጋጃ ቤቱ አሮጌውን መቃብር አርሶ መንገድ ሊያወጣበት ሲል የከተማው ሰው ተነሳ። አባቶቻችን የተኙበት ነው፣ አይነካም አሉ፤ አስቆሙትም። ከዚያ ማኅበር አቋቋሙ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰቡ እሾሁን ይመነጥራሉ፣ የወደቀውን መስቀል ያቆማሉ፣ የጠፋውን ስም ከሽማግሌ ጠይቀው እንደገና ይጽፋሉ። የድሮ ቤቶችንም ይጠግናሉ። የሚከፍላቸው የለም። ሊቀመንበሩ አቶ መኩሪያ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሹም ነበሩ። ከሁሉም የሚተጋው ግን ጓንጉል ነው። የደመወዝ ሥራውን ጥሎ ይመጣል። ለከተማው የነበረው ፍቅር እንደዚያ ነበር።

አንድ ክረምት የአንድ ነጋድራስን ቤት ጠገኑ። ሰገነት ያለው፣ የሚያምር የድሮ ቤት ነው። የከተማው ታሪክ ቤት ይሆናል ተባለ። ለእሑድ ትልልቅ እንግዶች ተጠርተዋል። ሁሉ ነገር አልቆ አንድ ነገር ጎደለ። ምን? የበሩ መግቢያ ላይ የሚነጠፍ ሰፊ ድንጋይ። ድንጋይ የሚወጣበት ቦታ ከወንዝ ማዶ ነው፤ ወንዙ ደግሞ ሞልቷል።

ጓንጉል ታችኛው መቃብር ትዝ አለው።

ላይኛው መቃብር የባለስም ነው። ታችኛው ደግሞ በኅዳር በሽታ ያለቁት ሰዎች ናቸው። ቀባሪ ጠፍቶ፣ የተረፈው የሞተውን እየጎተተ የቀበረበት። መስቀል የለው፣ ጽሑፍ የለው። ከመሃሉ አንድ ሰፊ ጥቁር ድንጋይ ነበር፤ ጠፍጣፋ፣ እንደ በር። አቶ መኩሪያ ሰው ተኝቶበታል ብለው ጥቂት አመነቱ። ጓንጉል ግን ሳቅ ብሎ፣

“ስም የለው፣ ዘመድ የለው፤ ማን ይጠይቀናል?” አላቸው።

እሳቸውም ዝም አሉ። ዝም ማለት ምን ማለት ነው? እሺ ማለት ነው። ድንጋዩን በቃሬዛ አወጡት። ከሥሩ የረጠበ አፈር ብቻ ነበር። ጓንጉል ጠርቦ አሳምሮ በሩ ላይ አነጠፈው። እሑድ እንግዶቹ ጫማቸውን ጠረጉበት፣ ረገጡት፣ ገቡ። ተጨበጨበ።

በዚያ ሰሞን የጓንጉል ሚስት ደብሪቱ አራስ ነበረች። ስንት ዓመት መካን ነች እየተባለች ቆይታ ሴት ልጅ ወልዳለች። ልጅቷ ገና ክርስትና አልተነሳችም፤ ቤት ውስጥ ስመኝ ይሏታል። አራስ ብቻዋን አትተውም ተብሎ የደብሪቱ እናት አብራ ትቀመጥ ነበር።

ከእሑዱ ወዲያ ጓንጉል መቃብሩ ጋ የተወውን መዶሻ ሊያመጣ በቀትር ወረደ። ብቻውን ነው። ቁልቋሉን እንዳለፈ የሕፃን ልቅሶ ሰማ። ቀጭን ልቅሶ። ልጅ ያዘለች መንገደኛ ትሆናለች አለና መዶሻውን ይዞ ተመለሰ።

በማግስቱም ወረደ። ለምን ወረደ? እሱም አያውቀውም። ድንጋዩ ከተነሳበት ጉድጓድ አጠገብ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ነጠላዋ ርሷል፤ ከጫፉ ውሃ ይንጠባጠባል። ፀሐዩ ግን ድንጋይ ያቃጥላል። እንደምን ዋልሽ አላት። አልመለሰችም። ነጠላዋ ሥር አንድ ነገር ታወዛውዛለች።

ጓንጉል ቀጥ ብሎ አቶ መኩሪያ ዘንድ ሄደ። ድንጋዩን እንመልሰው ብሎ ለመናቸው። እሳቸው እንግዶቹ ያመሰገኑትን ቤት እንዴት አፍርሰን እናሳያለን፣ ምን ብለን እንናገራለን አሉ። ጠበል ሂድ ብለው ሸኙት። ለሚስቱ እንዳይነግራት አራስ ናት፤ ትደነግጣለች። ዋጠው።

በሦስተኛው ቀን መቃብሩ ድረስ እንኳ አልወረደም። መንገዱ መሃል ቆማ ጠበቀችው።

“ወንድሜ፣ ቤቴ እያፈሰሰብኝ ነው” አለችው። “ልጄ በሰበሰችብኝ። አንድ ጊዜ ያዝልኝ፣ መጠለያ ልፈልግላት።”

እናንተ ብትሆኑስ? አንዲት እናት ልጇን ስትዘረጋላችሁ እጃችሁ ሳታስቡት ይዘረጋ የለም? የእሱም ተዘረጋ። ተቀበላት። ሕፃኗ እንደ ወንዝ ጭቃ ትቀዘቅዛለች፤ ደግሞ ትከብዳለች። ሴትየዋ ያኔ ቀና ብላ ፊቱን አየችው።

“ያንተም ሴት ናት አይደል?” አለችው።

ከዚያ ወደ ከተማው ሽቅብ ወጣች። ቀስ ብላ፤ አልቸኮለችም።

ጓንጉል ሊጥላት አለ፤ ክንዱ አልፈታ አለ። ሊሮጥ አለ፤ እግሩ አልነቀል አለ። ሊጮኽ አለ፤ ድምፅ የለም። ፀሐይዋ አናቱ ላይ እንደቆመች እሱም ቆመ። ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ጥላው ከእግሩ ሥር ብቅ ሲል ክንዱ ተፈታ። የወደቀው ምን ነበር? ጭቃ። በበሰበሰ ጨርቅ የተጠቀለለ ጭቃ።

ሮጠ። ቤቱ ሲደርስ ደብሪቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ትሠራለች። ፊቷ ፈክቷል። እናቷ ወደ ወፍጮ ወጣ ብላለች። ልጅቷስ ቢላት፣ የአክስትህ ልጅ ይዛት ወጣች አለችው። አንተ የላክሃት፣ ወንዝ ተሻግሬ መጣሁ ያለችኝ፣ ነጠላዋ የራሰው። ፀሐይ ላሙቃት ብላ ተቀበለችኝ፤ እንደ እናት ነው የያዘቻት አለችው።

ጓንጉል በወንዝ ማዶ የአክስት ልጅ የለውም።

ከተማው ወጣ። ጓሮው፣ ወንዙ፣ ገደሉ ሁሉ ተፈለገ። የለችም። ሊመሽ ሲል አቶ መኩሪያ ራሳቸው ድንጋዩ ይመለስ አሉ። ነቅለው ተሸክመው ወረዱ። ጉድጓዱን አስቀድመው ቆፈሩት፤ ልጅቷን ፍለጋ የሰው ቁመት ያህል ወረዱ። አጥንት እንኳ የለም። አፈር ብቻ። ድንጋዩን ከላይ ከደኑት። ዝናብ ማካፋት ጀመረ። ሁሉም ሊመለሱ ዞር አሉ።

ሕፃን አለቀሰች። ከድንጋዩ ሥር።

ደብሪቱ የልጇን ድምፅ አወቀች። ጡቷ አግቶ ወተቱ ቀሚሷን አረሰው። አንሱልኝ ብላ እግራቸው ላይ ወደቀች። አነሱት፤ ባዶ ጉድጓድ፣ ልቅሶውም ጸጥ አለ። መለሱት፤ አለቀሰች። ደግመው አነሱት፤ ጸጥ። መለሱት፤ አለቀሰች። ቄሱ መጥተው ጸለዩ፣ ጠበል ረጩ። ልጅቷ ማልቀሷን አልተወችም።

ከዚያ በኋላ ደብሪቱ ድንጋዩን የሚነካ ሰው አላስጠጋ አለች። ልቅሶዋ እስከተሰማ ድረስ ልጄ አለች ትላለች። እዚያው አጠገቡ ትውላለች፣ እዚያው ታድራለች። ከላይ ሆና እሹሩሩ ትላታለች። ጓንጉል ግን ያን ልቅሶ ሊችለው አልቻለም። ጆሮውን ይዞ ይንከራተታል። እህል አልወርድለት አለ። የማኅበሩ ሰዎችስ? አንድ ቅዳሜ አቶ መኩሪያ መጡና፣ መቃብሩን የሚያዩ እንግዶች ይመጣሉና እስኪሄዱ ድረስ ትንሽ ራቅ በይ አሏት። እንደዚህ ነው ያሏት።

አንድ ቀን በቀትር ደብሪቱ ውሃ ልትቀዳ ወደ ወንዙ ወረደች። ጓንጉል ቁልቋሉ ሥር ሆኖ ይጠብቅ ነበር። ዲጅኖውን በድንጋዩ ጫፍ ሥር አስገብቶ በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። ድንጋዩ እንደ ክዳን ተነሳ። ልቅሶው ቆመ። ከስንት ጊዜ በኋላ ጸጥታ ሰማ፤ እንባው ወረደ።

ደብሪቱም ጸጥታውን ሰማች። እንስራዋን ጥላ መጣች። አልጮኸችም፣ አልሰደበችውም። በተነሳው ጫፍ ሥር ሾልካ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። ተቀመጠች። ክንዶቿን እንደሚያጠባ ሰው አጠፈች።

“ውጪ” አላት።

“ልቀቀው” አለችው። “አጠገቧ ልሁን።”

ጓንጉል ሊያወጣት እጁን ዘረጋላት። ልብ በሉ፤ ዲጅኖውን የያዘው በሁለት እጁ ነበር። አንዱን እጁን ለሷ ሲዘረጋ ዲጅኖው አመለጠው። ድንጋዩ ወደቀ።

ሰዎች ድምፁን ሰምተው ሮጠው መጡ፤ አነሱት። ደብሪቱ የለችም። ደም የለም፣ የቀሚሷ ክር የለም። አፈር ብቻ። ሕፃኗም ከዚያ ቀን ወዲህ አላለቀሰችም።

ጓንጉል ያን ክረምት አልጨረሰም። ድንጋዩ ላይ ተኝቶ፣ ዲጅኖውን እንዳቀፈ ሞቶ አገኙት። ማኅበሩ አሳምሮ ቀበረው፤ ላይኛው መቃብር፣ ከነስሙ፣ ከነመስቀሉ። እሱ ግን እዚያ አይተኛም።

አያልነህ የሚባል በቅሎ ነጂ ነበር። በቀትር ብቻውን በዚያ መንገድ ሲወርድ ቁልቋሉ ሥር አንድ ሰው ዲጅኖ ይዞ ቆሞ አየ። አያስፈራም። ትሑት ሰው ነው። ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ አግዘኝ፣ ጫፉን ብቻ ያዝልኝ፣ ሚስቴን ላውጣት አለው። ይህን ከሩቅ ሆኖ የሰማ አንድ ገበሬ ነው ያወራው። አያልነህም ደግ ልጅ ነው፤ በቅሎዋን አስሮ ተከተለው።

ገበሬው ጠርቶን ስንሄድ፣ ያኔ እኔም ነበርሁ፣ በቅሎዋ ብቻ ቆማለች። ድንጋዩን አነሳነው። አፈር ነው። መልሰን ከደንነው።

ከሥር ሰው አንኳኳ።

ብናነሳው ጸጥ ይላል፤ ብንመልሰው ያንኳኳል። እስኪመሽ ድረስ አንኳኳ። ከዚያ ወዲህ ያን ድንጋይ የነካ ሰው የለም።

ስለዚህ በቀትር ብቻችሁን አትሂዱ። ግድ ሆኖባችሁ ብትሄዱ እንኳ አንድ ሰው ወንድሜ፣ እህቴ ብሎ ቢጠራችሁ፣ ድምፁ አንጀት ቢበላ፣ እጁን ቢዘረጋላችሁ፣ እጃችሁን እንዳትሰጡት።