ከጥቅም ውጭ የተባለችው ሰማያዊ መኪና

ልብስ ሰፊዋ እናትና አንድ ልጇ የሚኖሩት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነበር። ፊተኛው ክፍል የእናትየው የስፌት ማሽን፣ የጨርቅ ቁርጥራጭና የደንበኞች ልብስ የሞላበት ነው። በኋለኛው ክፍል ሁለቱም ይተኛሉ። ከደጃፋቸው ደግሞ ከልጁ በዕድሜ የምትበልጥ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ መኪና ትቆማለች። የገዛት አባት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ ከጥንቃቄው ብዛት ተሳፋሪዎች «ቀስ በሉ» የሚል ስም ያወጡለት ሰው! እሑድ እሑድ ጠዋት ባልዲውን ይዞ ወጥቶ መኪናዋን ከጣሪያ እስከ ጎማ ያጥባታል። ሚስቱ በመስኮት ብቅ ብላ «እኔን እንኳ እንዲህ አጥበኸኝ አታውቅም» ስትለው፣ ቀና ሳይል «አንቺማ እጅ አለሽ፤ እሷ ምን አላት?» ይላት ነበር። ያን ጊዜ የዚያ ቤት ሳቅ እስከ ጎረቤት ይሰማል። ምነው ያ ሳቅ በዚያው በቀጠለ!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት አባት መኪናዋን ደጃፍ አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቀበቶውን ሳይፈታ መሪውን እንደያዘ ቀረ። ሚስቱ ያንቀላፋ መስሏት ግማሽ ሰዓት ያህል ሳትቀሰቅሰው ቆየች፤ ለካ ሞቶ ኖሯል። ከዚያች ቀን ጀምሮ፣ በየቀኑ ልክ በዘጠኝ ሰዓት ስፌቷን ታቆምና ወጥታ ከሹፌሩ ጎን ባለው ወንበር ትቀመጣለች። ልጅየው በመጀመሪያ ሐዘኗ እስኪወጣላት ነው ብሎ ተዋት። ኋላ ግን አንድ ቀን ከሚሠራበት ማተሚያ ቤት ቀደም ብሎ ሲመለስ እናቱ መኪናው ውስጥ ስትስቅ ሰማት። ቀረብ አለ። «እሺ... እሺ አልኩህ እኮ... እነግረዋለሁ» ትላለች፤ ወደ ባዶው የሹፌር ወንበር ዞራ። ቀኑ ብርዳም ስለነበረ የሷ ወገን መስታወት በትንፋሿ ጉም ለብሷል። የሚገርመው እሱ አልነበረም። በሹፌሩ ወገን ያለው መስታወትም፣ የአንድ ሰው አፍ ሊደርስ በሚችልበት ከፍታ ላይ ጉም ለብሶ ነበር። ልጅየው ጀርባው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የፈሰሰበት ያህል ዘገነነው። ወደ ኋላ እያፈገፈገ ቤት ገባ።

መከራ ደግሞ ብቻውን መምጣት ያልወደደ ይመስል የእናት ልብ ታመመ። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ክር በመርፌ ስታሾልክ እጇ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ መርምሮ «ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፤ ባይዘገይ ይሻላል» አለ። ከየት አምጥተው? ማን አላቸውና? ልጅየው በሰማያዊዋ መኪና ለሁለተኛ ምርመራ ሲወስዳት ነው ያ ክፉ ነገር የደረሰው። መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርሱ መኪናዋ በድንገት ቀጥ አለች። ሞተሯ አልጠፋም፤ ማንም ፍሬን አልረገጠም። ግን ቆመች! በዚያችው ቅጽበት አሸዋ የጫነ ከባድ መኪና ከጎን እየበረረ መጥቶ አፍንጫዋን ገንጥሎት አለፈ። አንድ ክንድ ወደፊት ብትሄድ ኖሮ የሚገነጠለው የእናትየው ጎን ነበር። አቧራው ሲበርድ ልጅየው እናቱን አየ፤ ጭረት እንኳ የለባትም። ከዚያ በመሃላቸው ያለውን የእጅ ፍሬን አየ። እስከ መጨረሻው ጥርስ ድረስ ወደ ላይ ተስቧል።

መኪናዋ የተመዘገበችበት የመድን ድርጅት የጉዳት ገማች በሦስተኛው ቀን ተጎትታ ወደቆመችበት ጋራዥ መጣ። ሸሚዙ ንጹሕ፣ ንግግሩ ትሑት፣ ዓይኑ ግን ብረት ብቻ የሚያይ ሰው ነበር። ከሥር ገባ፣ ለካ፣ ፎቶ አነሣ። ከዚያ ፎርሙን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እናትና ልጁን ጠየቀ።

«የእጅ ፍሬኑን ማነው የሳበው?»

«እኔ... አላስታውስም» አለ ልጅየው።

«እርስዎ ነዎት እንዴ እናቴ?» አለ ገማቹ ወደ እናት ዞሮ።

«የኔ እጅ ቦርሳዬ ላይ ነበር ልጄ» አለች እናት። «የሳበው ሹፌሩ ነው።»

ገማቹ ራሱን ነቅንቆ «ሹፌሩ የእጅ ፍሬን ስቧል» ብሎ ጻፈ። ልጅየው ግን እናቱ ስትናገር ወደ እሱ እንዳላየች አስተውሏል። ያየችው በፍርስራሹ መኪና ውስጥ ያለውን ባዶ ወንበር ነበር።

«እንግዲህ እውነቱን ልንገራችሁ» አለ ገማቹ ፎርሙን እያጠፈ። «ሻንሲው፣ የመኪናዋ አጥንት፣ ታጥፏል። ብትጠገን ከዋጋዋ በላይ ትፈጃለች። ከጥቅም ውጭ ናት። ድርጅቱ ካሳውን ይከፍላችኋል፤ መኪናዋን እኛ እንረከባለን።»

«ሰው ያለበትን መኪና እንዴት ነው የምትረከቡት?» አለች እናት።

ገማቹ ያልገባው መስሎ ብዕሩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ከዚያ በትሕትና «ውስጧ የቀረ ዕቃ ካለ ማውጣት ትችላላችሁ» አላት።

እናት አልፈርምም አለች። ልጅ ለመነ፣ ተቆጣ፣ አለቀሰ። «እማዬ፣ ይኼ ካሳ እኮ የልብሽ መታከሚያ ነው! ለቁራጭ ብረት ብለሽ ልትሞቺብኝ ነው?» እሷ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በእግሯ ወደ ጋራዡ ትሄዳለች። ምን ያድርግ? ከታመመች ጀምሮ ጉዳይዋን እንዲያስፈጽምላት የሰጠችው ውክልና በእጁ ነበር። አንድ ጠዋት እንደተኛች የመኪናዋን ሊብሬና ቁልፍ ከመሳቢያዋ አወጣ፤ ድርጅቱ ቢሮ ሄዶ ፈረመ። እናትን ለማዳን እናትን መስረቅ... ከዚህ የከፋ ጭንቅ በልጅ ላይ ይመጣል? በዚያው ቀን ክሬን መኪናዋን አንጠልጥሎ ወሰዳት። ማታ እናት ራቱን ስታቀርብለት «ብቻውን ሰደድከው» አለችው።

ድርጅቱ የተሰባበሩ መኪኖቹን የሚያከማችበት ግቢ ከከተማው ዳር ነው። በቆርቆሮ አጥር ውስጥ መቶ የሚሆኑ መኪኖች እንደ ሬሳ ተደርድረዋል። አንዱ ውስጥ የሕፃን ጡጦ፣ ሌላው ውስጥ አንድ እግር የሴት ጫማ ይታያል። በቀትር ፀሐይ ብረቱ ሲሞቅ ከየአቅጣጫው ቀጭ... ቀጭ... ይላል፤ ተራ በተራ የሚነጋገሩ ይመስል። ዘበኛው እዚያ አሥር ዓመት ኖሮ ድምፁን ለምዶታል። ሰማያዊዋ ከመጣች ወዲህ ግን በእሷ በኩል ማለፍ ትቷል። እናት ያንን ግቢ በምን እንዳገኘችው ማንም አያውቅም። ትንፋሿ እየተቆራረጠ በር ላይ ቆማ «ባለቤቴ እዚህ አለ» ብትለው፣ ዘበኛው አፍ አውጥቶ ሊከለክላት አልቻለም። በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ያስገባት ጀመር።

ካሳው ተፈቀደ ተብሎ ለልጅየው በተደወለለት ቀን፣ ሆስፒታሉም የቀዶ ሕክምናውን ቀን ቆረጠለት። ወረቀቱን ይዞ ቤት ሲሮጥ እናቱ የለችም። ጎረቤት «ወደ ከተማው ዳር ስትሄድ አየናት» ሲሉት ገባው፤ ተንደርድሮ ግቢው ደረሰ። አገኛት። አፍንጫ በሌላት መኪና ውስጥ፣ ቀበቶዋን አስራ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ልጅየው ዞሮ የሹፌሩን በር ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ ከውስጥ ጮኸችበት።

«እዚያ አትግባ! ሰው አለበት። ከኋላ ግባ።»

እጁን ሰብሰብ አደረገ። ልክ እንደ ልጅነቱ ከኋላ ገባና ጉልበቶቹን አጥፎ ተቀመጠ። ግቢው ጭር ብሏል። ከፊቱ የሹፌሩ ወንበር መደገፊያ ትንሽ ወደ ኋላ ለጠጥ ሲል፣ የቆየው ስፕሪንግ ሲጮኽ ሰማ። ነፋስ ነው ልበል? ነፋስ አልነበረም። ያን ጊዜ በውስጡ ታፍኖ የኖረው ነገር ገነፈለ።

«እማዬ... ያን ቀን እኔ ወደ ፊት አላየሁም ነበር። ከማተሚያ ቤት ተደውሎልኝ ስልኬን እያየሁ ነበር። ልገልሽ ነበር እማዬ... ዋሸሁ፤ ለሁሉም ዋሸሁ!»

«አውቃለሁ» አለች እናት።

«ታውቂያለሽ?»

«አጠገብህ ነበርኩ እኮ። የመድኑ ሰውዬ ሲጠይቅ አይቼሃለሁ፤ ፊትህ አመድ መስሎ ነበር። ልጄን ለፎርም ልስጠው?» እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ጉንጩን ዳበሰችው። ጣቶቿ ከመርፌው ብዛት ሻካራ ናቸው። «አባትህም አልተቆጣህም። እሱ የፈራው ይኼን ነገር ብቻህን ተሸክመኸው እንዳትኖር ነው። በል አሁን አታልቅስ።»

ልጅየው እጇን ይዞ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። የሆስፒታሉን ወረቀት ሲያሳያት «እሺ፣ እሄድልሃለሁ። እስቲ ግን ትንሽ እንቀመጥ፤ ሦስታችን ከተቀመጥን ስንት ጊዜ ሆነን» አለች። ልጅየው ራሱን መደገፊያው ላይ ጣለ። እንደ ልጅነቱ ከኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረገው።

ያነቃው ዘበኛው ነው። መስታወቱን እያንኳኳ «ወንድሜ፣ በሩን ልዘጋ ነው። አንተን ብቻ ነው የምጠብቀው» አለው።

«እናቴስ?»

«አሁን ወጡ እኮ። አንድ ሽማግሌ ክንዳቸውን ደግፈዋቸው። አባትህ ናቸው? ‹ልጃችን ተኝቷል፣ ቀስ ብለህ ቀስቅሰው› ብለውኝ...»

ዘበኛው ንግግሩን አልጨረሰም። ዓይኑ ከፊት ወንበር ላይ ፈጦ ቀረ። ልጅየውም አየ። እናቱ ቀበቶዋን እንዳሰረች፣ ራሷን ወደ ሹፌሩ ወንበር ዘንበል አድርጋ፣ እንደ ቀለደች ሴት ፈገግ ብላ... ቀዝቅዛለች። ዋይ እናቴ! የዚያ ልጅ ጩኸት ያንን የብረት መቃብር ሁሉ አናወጠው። ዘበኛው በማግሥቱ ሥራውን ለቀቀ።

ካሳው የተከፈለው እናት ከተቀበረች በአምስተኛው ቀን ነው። ለልብ መታከሚያ የተጠበቀው ገንዘብ የመቃብር ድንጋይ ሆነ። መኪናዋን አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ ገዝቶ በታትኖ ሸጣት፤ በሯ በአንዱ፣ ወንበሯ በሌላው መኪና ላይ ተገጥሞ ዛሬም በየመንገዱ ይዞራል ይባላል። ልጅየው ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ነው፤ ስልክ አይዝም፣ ከዚያ ወዲህ መሪም ጨብጦ አያውቅም። ዕድል ከአባቱ ጋር ፊት ለፊት ቢያገናኘው ኖሮ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቀው ነበር፦ ያን ቀን ከሞት አፍ የነጠቅካት ለእኔ ብለህ ነበር... ወይስ ራስህ ቀስ ብለህ ልትወስዳት?